ወንበር ስባ የተቀመጠችው ሐኪም፡ ሲስሊ ሳውንደርስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ በካንሰር ታመው የተኙበት ክፍል ውስጥ ነበርኩ፡፡ ሐኪሙ ገብቶ ካርዳቸውን አየ፣ ለነርሷ አንድ ነገር ነግሯት ወጣ፡፡ አጎቴ የጨነቃቸው ግን የመድኃኒቱ ነገር አልነበረም፡፡ ከወንድማቸው ጋር ሳይታረቁ መሞትን ነበር የፈሩት፡፡ ይህንን የነገሩት ለእኔም ለሐኪሙም ሳይሆን ለጽዳት ሠራተኛዋ ነው፡፡ ስለ ሲስሊ ሳውንደርስ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው፡፡

ሲስሊ እ.ኤ.አ. በ1918 ባርኔት በምትባል የለንደን አካባቢ ተወለደች፡፡ የኦክስፎርድ ትምህርቷን በጦርነቱ ዘመን አቋርጣ ነርስ ሆነች፤ የጀርባ ሕመም ከነርስነቱ ሲያስወጣት የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች፡፡ በ1945 ደግሞ ከዚያ በፊት ያልነበራትን የክርስትና እምነት ያዘች፡፡

ሕይወቷን የለወጠው ሰው ግን አንድ አስተናጋጅ ነው፡፡ ዴቪድ ታስማ ከዋርሶ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ሲሆን፣ በ40 ዓመቱ ለንደን ውስጥ በካንሰር እየሞተ ነበር፡፡ በዓለም ላይ ኖሮ ምንም ምልክት ሳይተው ማለፉ ከበሽታው እኩል ያመው ነበር፡፡ አንድ ቀን የሚያጽናና ነገር እንድትነግረው ለመናት፤ ከመዝሙረ ዳዊት በቃሏ አለችለት፡፡ ከመጽሐፍ ላንብብልህ ስትለው ግን እምቢ አለ፡፡ የፈለገው ከራሷ ልብና አእምሮ የሚወጣ ነገር ነበር፡፡ በ1948 ሲሞት 500 ፓውንድ ተወላት፤ ልትሠራ ላሰበችው ቤት መስኮት እንዲሆን ብሎ፡፡

አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ሊሞቱ የተቃረቡትን ትተው የሚሄዱት ሐኪሞች ስለሆኑ ለመርዳት ከፈለገች ራሷ ሐኪም እንድትሆን መከራት፡፡ በ33 ዓመቷ ተማሪ ሆነች፤ በ1957 ተመረቀች፡፡ (በዚያ ዕድሜ እንደገና አንደኛ ዓመት መግባት ቀላል አይደለም መቼም!)

ከዚያ በለንደን ሴንት ጆሴፍ ሆስፒስ ከመነኮሳት እህቶች ጋር ሠራች፡፡ እዚያ ሞርፊን ሕመምተኛው ጮኾ ሲለምን ሳይሆን፣ ሕመሙ ተመልሶ ሳይመጣ በሰዓቱ እንዲሰጥ አደረገች፡፡ ይህ ከመንፈሳዊው ጉዳይ የራቀ ሊመስል ይችላል፡፡ ነገር ግን እያቃሰተ ያለ ሰው ስለ ነፍሱ ሊያወራ አይችልም፡፡ ሕመሙ ጋብ ሲል ነው ጸጸቱ፣ ቂሙ፣ ለምን እኔ የሚለው ጥያቄ የሚወጣው፡፡ ሲስሊም ወንበር ስባ አጠገባቸው ትቀመጥና ታዳምጥ ነበር፡፡ ከዚህ ነው «ሁለንተናዊ ሕመም» ያለችው ሐሳብ የመጣው፡፡ ሥጋን፣ ስሜትን፣ ኑሮንና ቤተሰብን፣ መንፈስንም አንድ ላይ የሚያይ ነው፡፡ የአጎቴ ሕመም የትኛው ክፍል ላይ እንደነበረ አሁን ይገባኛል፡፡ ወንድማቸውን ያስጠራችው ያቺው የጽዳት ሠራተኛ ናት፡፡

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው፡፡ ሲስሊ መጀመሪያ ያሰበችው ለአንግሊካን ምእመናን የሚሆን ማኅበር ነበር፡፡ ከወዳጆቿ ጋር ብዙ ተከራክራ ሐሳቧን ቀየረች፡፡ እንዲያውም የመጀመሪያውን ገንዘብ የሰጣት አይሁዳዊ አይደለም እንዴ? በ1967 በደቡብ ምሥራቅ ለንደን የተከፈተው ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስ የጸሎት ቤት ቢኖረውም፣ ለሚያምንም ለማያምንም በሩ ክፍት ሆነ፡፡ የታስማ መታሰቢያ መስኮትም እመግቢያው ላይ ተገጠመ፡፡ 19 ዓመት ፈጅቷል፡፡

ሲስሊ ሳውንደርስ በሐምሌ 2005 (እ.ኤ.አ.) በ87 ዓመቷ በካንሰር ሞተች፡፡ የሞተችውም እዚያው፣ ራሷ ባቋቋመችው ሆስፒስ ውስጥ ነው፡፡