ቅዱስ ባስልዮስና የአሉታ ቃል

የቀጰዶቅያው ቅዱስ ባስልዮስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ330 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። በአቴና ከጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጋራ የተማረው የንግግር ጥበብ ኋላ የሃይማኖት ጋሻ ሆነለት።

በዘመኑ ከአርዮስ ወገን አውኖምዮስ የሚባል ተነሥቶ፥ የእግዚአብሔር ባሕርይ አለመወለድ ነው፤ ወልድ ግን ተወልዷልና በባሕርይ ከአብ ይለያል እያለ አስተማረ። ነገሩ የሰዋስው ክርክር ቢመስልም የወልድን አምላክነት የሚያስክድ ነበረ።

ባስልዮስም በ364 ዓ.ም. ገደማ መልስ ጻፈ። በጽርእ በቃሉ መነሻ የምትገባው «አ» በግዕዝ እንደ «ኢ»፥ በአማርኛ እንደ «አል» ናት፤ የሌለውን ታርቃለች እንጂ ያለውን አታሳይም። ይህ ድንጋይ አይደለም ያለ ሰው፥ እንጨት ይሁን ብረት ገና አልነገረንም። እንዲሁም የማይሞት፥ የማይታይ ስንል ለእግዚአብሔር የማይስማማውን እናርቃለን፤ ይህ አሉታ ነው። ቸር፥ ጻድቅ፥ ፈጣሪ ስንል የሚስማማውን እንናገራለን፤ ይህ አዎንታ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ባሕርዩን መርምሮ የሚጨርስ ግን ከሁለቱ አንድ ስንኳ የለም። ያልተወለደ የሚለውም ቃል አብ ከማንም አለመገኘቱን ያስረዳል እንጂ ባሕርዩ ምን እንደ ሆነ አይገልጥም። ስለዚህ መወለዱ ወልድን በባሕርይ ከአብ አያሳንሰውም።

ባስልዮስ በ370 ዓ.ም. የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ፤ ለድኆችና ለሕሙማን መጠጊያ ሠራ፤ በ379 ዓ.ም. ዐረፈ። ክርክሩንም ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ቀጠለው።

እኛም ስንጸልይና ስናስተምር፥ ነው የምንልበትን አይደለም ከምንልበት ለይተን እንወቅ። አሉታውን እንደ አዎንታ የተረጐመ፥ ሳያውቀው ከሃይማኖት ይወጣልና።