ቢልሃርዝ፦ ስሙ በበሽታ ላይ የቀረው ሐኪም

ቢልሃርዚያ የሚለውን ቃል ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የሰው ስም መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ባለስሙ ቴዎዶር ቢልሃርዝ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። የኖረው 37 ዓመት ብቻ ሲሆን የመጨረሻ ጉዞውም ወደ እኛው አካባቢ፣ ወደ ምጽዋ ነበር።

ቢልሃርዝ እ.ኤ.አ. በ1825 ዚግማሪንገን በምትባል የደቡብ ጀርመን ከተማ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ እንደጨረሰ፣ በ1850 ሐኪሙ ግሪሲንገር ግብፅ ለሥራ ሲጠራ እሱንም አስከትሎት ካይሮ ገባ።

በዚያን ዘመን ግብፅ ውስጥ ደም መሽናት፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና የሆድ መነፋት የተለመደ ነገር ነበር። ከምን እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ራጅ የለ፣ አልትራሳውንድ የለ። ሐኪም ጉበትና አንጀትን በዓይኑ የሚያየው ሕመምተኛው ከሞተ በኋላ፣ አስከሬን ሲመረመር ነው። ቢልሃርዝም ይህንኑ ሥራ ያዘ።

በ1851 ከአንጀት ወደ ጉበት ደም በሚወስደው ትልቅ የደም ሥር ውስጥ ቀጫጭን ትሎች አገኘ። ወንዱ ሴቷን በታጠፈ ሰውነቱ አቅፎ ነው የሚኖረው። እንቁላሎቹን በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው ደግሞ እሾህ አላቸው፤ አንዳንዱ ጫፉ ላይ፣ አንዳንዱ ጎኑ ላይ። ያየውን ሁሉ ጀርመን ላሉት መምህሩ ለዚቦልድ በደብዳቤ ጻፈ። ጎኑ ላይ እሾህ ያለው አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ዓይነት እንደሆነ በኋላ ተለየ። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት ያለውም እሱ ነው።

በ1862 አንድ የጀርመን መስፍን ወደ ምጽዋ ሲጓዝ ቢልሃርዝ አብሮ ሄደ። በዚያው ጉዞ በትኩሳት በሽታ ተይዞ ግንቦት ወር ላይ ካይሮ ውስጥ አረፈ።

ትሉ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ሳያውቅ ነው የሞተው። በ1915 ስኮትላንዳዊው ሌይፐር እዚያው ግብፅ ውስጥ መልሱን አገኘ፦ መጀመሪያ በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ያድጋል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በ1964 ደግሞ የእኛው አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ እንዶድ እንደሚገድላቸውም አረጋገጠ።

የቢልሃርዝ ሥራ ዛሬም አላረጀም። የላብራቶሪ ባለሙያው ሰገራችንን በማይክሮስኮፕ ሲያይ የሚፈልገው ያንኑ ባለ እሾህ እንቁላል ነው። ጉበትን የሚጎዳውም በዋናነት እንቁላሉ ነው። ጉበት ውስጥ ተቀርቅሮ ጠባሳ ይፈጥራል፣ ደም እንደ ልቡ አያልፍም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ ሲብስም ደም ያስመልሳል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ሊኖር ይችላል።

ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ትሉን ይገድላል፤ የቆየ ጠባሳን ግን ሁልጊዜ አያጠፋም። ስለዚህ ቀድሞ መታወቁ ነው ቁም ነገሩ። አገር ቤት፣ በመንገድ ላይ ወይም እዚህ ካምፕ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ገብተን ታጥበን፣ ውሃ ቀድተን ከሆነ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሳንጠየቅም እንናገር። ልጆቻችንንም እናስመርምር። እንቁላሉ ጥቂት ከሆነ በአንድ ምርመራ ላይታይ ይችላል፤ ሕመሙ ካልለቀቀን እንደገና ይታይልኝ ማለት ነውር የለውም።