ገሪማ ታፈረ፤ የጎንደርን አርበኞች በመጽሐፍና በመድረክ ያኖሩ ደራሲ

ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ገሪማ ታፈረ በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን በጎንደርና አካባቢው የተካሄደውን የአርበኝነት ተጋድሎ በመጽሐፍ ካኖሩ፣ የአገራቸውንም ታሪክ በተውኔት ለገጠሩ ሕዝብ ካሳዩ ቀደምት የአማርኛ ጸሐፍት አንዱ ናቸው። በ1949 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃው "ጎንደሬ በጋሻው" የተሰኘው መጽሐፋቸው የአካባቢውን የአርበኝነት ታሪክ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ በምንጭነት ይጠቅሱታል።

ገሪማ ካለፉ በርካታ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ ስማቸው በዓለም የፊልም መድረኮች ሁሉ ሲጠራ ይሰማል። "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"፣ "ሳንኮፋ"፣ "አድዋ" እና "ጤዛ" በተሰኙት ፊልሞቻቸው ዓለም አቀፍ ዝናን ያተረፉት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የእኚሁ ደራሲ ልጅ ናቸው። የልጁን ሥራ የሚያደንቁ ብዙዎች ቢሆኑም፣ ሥራው የበቀለበትን የጎንደር ቤትና የአባትየውን ድካም የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ወረራው በጎንደር

ከ1628 ዓ.ም. አንስቶ የነገሥታት መናገሻ የነበረችው ጎንደር በአብያተ መንግሥቷ ብቻ ሳይሆን በአቋቋምና በቅኔ መምህራኗም የታወቀች ከተማ ናት። በአደባባዮቿና በግብር አዳራሾቿ የአዝማሪው ማሲንቆ፣ የጀግናው ፉከራና ቀረርቶ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። የጀግንነት ታሪክን በቃልና በዜማ ማቅረብ ለጎንደር ሕዝብ የቆየ ባህል እንጂ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ይህች ከተማ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በወራሪው እጅ ወደቀች። ከኤርትራ የተነሳውና በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው ባለተሽከርካሪ የኢጣሊያ ጦር ጎንደርን ከያዘ በኋላ ወራሪው መንግሥት ከተማዋን "የአማራ ግዛት" ብሎ ለሰየመው ክፍል ዋና መቀመጫ አደረጋት። በመሐል ከተማዋ ፒያሳ ተብሎ በሚጠራው ሥፍራ ዛሬም ድረስ የሚታዩትን ሕንጻዎች አቆመ፤ ወደ አስመራ የሚወስደውንም መንገድ በሊማሊሞ ገደል እየጠረበ ዘረጋ።

ከተማዋ ብትያዝም ገጠሩ ግን አልገበረም። በአርማጭሆ፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በጭልጋ፣ በበለሳ፣ በወልቃይትና በሰሜን ተራሮች አርበኞች ለአምስት ዓመታት ጠላትን እረፍት ነስተውታል። በተለይ "አሞራው" በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት የደጃዝማች ውብነህ ተሰማና የቢትወደድ አዳነ መኮንን ስም በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ገንኖ ይጠራል።

ጦርነቱም በኢትዮጵያ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ የተቋጨው በዚሁ በጎንደር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እንኳ በጄኔራል ጉሊየልሞ ናዚ የሚመራው የኢጣሊያ ጦር በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ምሽጎች ተከላክሎ ቆይቷል። በ1934 ዓ.ም. መስከረም ላይ የወልቅፊት ምሽግ እጁን ሰጠ። ኅዳር 12 ቀን ቁልቋል በር ተያዘ። ከስድስት ቀናት በኋላም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የእንግሊዝና የኢትዮጵያ አርበኞች ኃይል ጎንደር ሲገባ ከ20 ሺህ በላይ የሚሆን የጠላት ሠራዊት ተማረከ። አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተው ነበር።

"ጎንደሬ በጋሻው"

ገሪማ ታፈረ ይህን ዘመን ካየው ትውልድ ወገን ናቸው። ከድሉ በኋላ የገጠማቸው ጥያቄም የዚያ ትውልድ ሁሉ ጥያቄ ነበር። በዱር በገደል የወደቁት፣ መቃብራቸው እንኳ ያልታወቀው አርበኞች ታሪክ እንዴት ይቀመጥ? በሰሜኑ ደጋና ቆላ የተካሄደው ውጊያ ከማዕከላዊ መንግሥት የራቀ፣ በየአካባቢው መሪ የሚታዘዝና በአብዛኛው በጽሑፍ ያልተመዘገበ ነበር። ታሪኩ ያለው በተዋጊዎቹ አንደበትና በአልቃሾች ግጥም ውስጥ ነበር። ባለታሪኮቹ እያረጁና እያለፉ ሲሄዱ ታሪኩም አብሮ እንደሚያልፍ ግልጽ ነው።

"ጎንደሬ በጋሻው" ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። መጽሐፉ ጎንደር ነጻ ከወጣች ከ15 ዓመታት በኋላ፣ ብዙዎቹ ባለታሪኮች ገና በሕይወት ሳሉ ታተመ። ርዕሱ ራሱ የሚናገረው አለው። ጋሻ የሚከላከሉበት መሣሪያ ነው፤ ጎንደሬ በገዛ ጋሻው አገሩን ጠበቀ እንጂ በሌላ ሰው ችሮታ ነጻ አልወጣም የሚል መልእክት ያዘለ ነው። በዚያን ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካውን ጦርነት የሚመለከቱ የውጭ አገር መጻሕፍት የእንግሊዝን ሠራዊት ድል አጉልተው ሲያወሱ የአርበኞቹን ተጋድሎ በጥቂት መስመሮች ያልፉት ስለነበር፣ የአካባቢውን ታሪክ በአማርኛ ጽፎ ማቅረብ የራሱ ክብደት ነበረው።

የታሪክ ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ስለተካሄደው የአርበኝነት ትግል ሲጽፉ መጽሐፉን ደጋግመው መጥቀሳቸው የድካሙን ፍሬ ያሳያል። ደራሲው ባይጽፉት ኖሮ ከቃል ወደ ወረቀት ሳይሻገሩ ይቀሩ የነበሩ ብዙ ታሪኮች ይኖሩ ነበር።

ተውኔት ወደ ገጠር

ገሪማ በመጽሐፍ ብቻ አልተወሰኑም። በዘመኑ ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ለባለታሪኩ ሕዝብ ለማድረስ መድረክን መረጡ። ተውኔቶችን እየደረሱና የተዋንያን ቡድን አቋቁመው በየገጠሩ እየተዘዋወሩ አሳይተዋል። ተውኔቶቹ በአብዛኛው ከአገሪቱ ታሪክ የተቀዱ ነበሩ።

የዚህን ሥራ ዋጋ ለመገንዘብ የኢትዮጵያን የቲያትር ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ዘመናዊው የአማርኛ ተውኔት የተጀመረው በ1910ሮቹ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በደረሱት "ፋቡላ" ነው። የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትርም በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ስም ተከፈተ። እነዚህ ሁሉ የተወለዱት በአዲስ አበባ ነው። ጎንደር ከዋና ከተማው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ቋሚ አዳራሽ፣ የመንግሥት በጀትና ደመወዝተኛ ተዋናይ በሌለበት የገጠር አካባቢ ተውኔት ይዞ መዞር የግል ጥረትንና ጽናትን የሚጠይቅ ተግባር ነበር።

የመድረክ ሥራ ባሕርይው አላፊ ነው። መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ይቆያል፤ ተውኔት ግን ትርኢቱ ሲያበቃ ከተመልካቹ ትዝታ በስተቀር ማረፊያ የለውም። የገሪማ ተውኔቶች ግን አንድ ልዩ ተመልካች ነበራቸው። እሱም በአባቱ ቡድን ውስጥ ገና በልጅነቱ መድረክ ላይ የወጣው ኃይሌ ነው።

ሁለቱ ትርኢቶች

ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ከተማ ውስጥ የተወለዱት የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን ለወላጆቻቸው ከአሥር ልጆች አራተኛው ናቸው። "ጎንደሬ በጋሻው" ሲታተም የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። በቤታቸው ማታ ማታ እሳት ተከቦ ተረት ይወራ እንደነበር፣ የሴት አያታቸው ተረትና የአባታቸው ተውኔት የታሪክ አነጋገርን እንዳስተማራቸው በተለያዩ ጊዜያት አውስተዋል።

በዚያው ዘመን ግን በከተማዋ ሌላ ትርኢትም ነበር። ኢጣሊያኖች ባስቀሩት የሲኒማ ልማድ የውጭ አገር ፊልሞች በጎንደር ይታዩ ነበር። ከነዚህም መካከል የታርዛን ፊልሞች ይገኙበታል። የጎንደር ልጆች እነኃይሌ ፊልሙን ሲያዩ የሚያጨበጭቡት ለነጩ ታርዛን እንጂ ለሚያሳድዳቸው አፍሪካውያን አልነበረም። ከሲኒማው ሲወጡም ታርዛንን እየሆኑ ይጫወቱ ነበር።

አንድ ሕፃን በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጀግና ይመለከት ነበር ማለት ነው። በአባቱ መድረክ ላይ ጀግናው የአገሩ ሰው፣ የሚናገረውም በራሱ ቋንቋ ነው። በሲኒማው ሸራ ላይ ደግሞ ጀግናው ከሩቅ የመጣ ነጭ ሲሆን የርሱን የሚመስሉት ሁሉ የሚሸሹና የሚወድቁ ናቸው። ሸራው ብርሃንና ሙዚቃ ነበረው፤ የአባቱ ቡድን የነበረው ግን ታሪኩና ድምፁ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የልጆቹን ልብ የማረከው ሸራው ነበር። ኃይሌ ያ ጭብጨባ ምን ማለት እንደነበረ የተረዱት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከአገራቸው ርቀው ሳሉ ነው።

ከአባት ወደ ልጅ

ኃይሌ የአባታቸውን ሙያ ተከትለው እ.ኤ.አ. በ1967 ትወና ለመማር ወደ አሜሪካ በመጓዝ ቺካጎ በሚገኘው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። ሆኖም ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ቦታ የአገልጋይነት ሚና ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ጀመሩ። በዚያም እንደነ ቻርልስ በርኔት ካሉ ጥቁር የፊልም ተማሪዎች ጋር ሆነው ከሆሊዉድ ፈለግ የወጣ አሠራር ያራመደ ትውልድ አካል ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1976 ለእይታ የበቃውን "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" በአማርኛ፣ በጥቁርና ነጭ፣ በኢትዮጵያ ገጠር ሲሠሩ የአባታቸው ጥላ በግልጽ ይታይ ነበር። ቀረጻው የተጠናቀቀው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ታሪኩ በባለርስት ሥር ስለሚማቅቅ የገበሬ ቤተሰብ ሲሆን፣ ከዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት አንዱ ከበበ ለአገሩ ተዋግቶ ኋላ መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰውም እንደ እብድ የሚቆጥረው ሰው ነው። አባት አርበኛውን በክብሩ አኖሩት፤ ልጅ ደግሞ ከድሉ በኋላ አርበኛው ምን እንደደረሰበት ጠየቁ። ፊልሙ በሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ለሽልማት በቅቷል።

ኃይሌ ከ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥበብ አስተምረዋል። የባሪያ ንግድን የሚመለከተውን "ሳንኮፋ" እ.ኤ.አ. በ1993 ሠርተው አከፋፋይ ሲያጡ ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ከከተማ ከተማ እየዞሩ ራሳቸው አሳይተዋል። ተውኔታቸውን ተሸክመው በጎንደር ገጠር ይዞሩ የነበሩትን አባት ለሚያስታውስ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው "አድዋ" ዘጋቢ ፊልም የ1888ቱን ድል ተረከ። በማስከተልም የ1928ቱን ወረራ የሚመለከት ዘጋቢ ፊልም ለማዘጋጀት ረጅም ዓመታት ደክመዋል። ይህም አባታቸው በብዕር የጀመሩትን ሥራ በካሜራ መቀጠል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው "ጤዛ" ደግሞ ወደ ጣና ሐይቅ አካባቢ ተመለሰ። በውጭ አገር የተማረው ዶክተር አምበርብር ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ የሚያጋጥመውን የሚተርከው ይህ ፊልም የፋሺስት ወረራን ትዝታና የደርግን ዘመን መከራ አጣምሮ ይዟል። በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ዋናውን የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ሽልማት ተቀዳጅቷል።

የገሪማ ውርስ

ገሪማ ታፈረ ለልጆቻቸው ያወረሱት በገንዘብ የሚተመን ሀብት አይደለም። የሕዝብ ታሪክ በባለታሪኩ ቋንቋ መነገር እንዳለበት፣ መድረክም እስኪሠራለት ሳይጠብቅ ወደ ሕዝቡ መሄድ እንዳለበት በተግባር አሳይተዋል። በጎንደር ሲኒማ ለታርዛን ያጨበጨበው ልጅ ካሜራውን ወደ አገሩ ገበሬና አርበኛ ሲያዞር የተመለሰው ወደ አባቱ መድረክ ነው።

መጽሐፋቸው ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፤ ተውኔታቸውን ያዩ ሰዎችም አብዛኞቹ አልፈዋል። ጎንደር ግን የነገሥታቷን አብያተ መንግሥት እንደምትጠብቅ ሁሉ፣ የአርበኞቿን ስም ከመረሳት ያዳኑትን የዚህን ደራሲ ሥራ ለአዲሱ ትውልድ ማቅረብ ይጠበቅባታል። ጋሻ ለባለቤቱ የሚጠቅመው እጅ ላይ ሲገኝ ነውና፣ "ጎንደሬ በጋሻው"ም ተግባሩን የሚፈጽመው ሲነበብ ነው።