ሎርድ ዴኒንግ፦ ወደ ታች መውረድን የመረጡት ዳኛ

በሕግ ክፍል ያለፍን ሁላችን የእንግሊዙን ዳኛ የሎርድ ዴኒንግን ስም ሳንሰማ አልቀረንም። አልፍሬድ ቶምፕሰን ዴኒንግ በ1899 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃምፕሻየር ውስጥ ዊትቸርች በምትባል ትንሽ ከተማ ከጨርቅ ነጋዴ ቤት ተወለዱ። ሁለት ወንድሞቻቸውን አንደኛው የዓለም ጦርነት በላቸው፤ እሳቸውም ፈረንሳይ ዘምተው ተመልሰዋል። ኦክስፎርድ ሂሳብ ተምረው ከተመረቁ በኋላ ነው ወደ ሕግ የዞሩት። በ1923 ጠበቃ፣ በ1944 ዳኛ ሆኑ።

ስማቸውን ያስጠራው አንድ የለንደን የኪራይ ክርክር ነው። በጦርነቱ ጊዜ አፓርታማው ሰው ሲያጣ አከራዩ የዓመቱን 2,500 ፓውንድ ኪራይ በግማሽ ቀነሰ። ጦርነቱ አልፎ ቤቱ ሲሞላ ሙሉውን ጠየቀ። ዴኒንግ ቤቱ ከሞላ በኋላ ላለው ጊዜ ሙሉው ይከፈል አሉ። ላለፉት የጦርነት ዓመታት ቢጠየቅ ኖሮ ግን አከራዩ ቃሉን ማጠፍ አይችልም ነበር ሲሉ አከሉበት። በድሮው የእንግሊዝ ሕግ ግን ምላሽ ያልተሰጠበት ቃል ማንንም አያስርም። በተጻፈ የፍትሐ ብሔር ሕግ ላደግን ለእኛ፣ ዳኛ ከችሎት ተቀምጦ እንዲህ ሕግ ሲሠራ ማየት ይገርማል።

በ1957 ያኔ ከፍተኛው ችሎት ይሰየምበት ወደነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ወጡ። በ1962 ግን ማስተር ኦቭ ዘ ሮልስ ሆነው ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት ወረዱ፤ ያውም ወድደው! እዚያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዳኞች ይቀመጡ ነበር፤ ይግባኝ ላይ ሦስት ናቸው። አንድ ባልደረባ ካሳመኑ ፍርዱ የእሳቸው ነው። እንዲህ እያሉ 20 ዓመት ሠሩ።

የትንሹ ሰው ዳኛ ይባሉ ነበር። እኔ ግን የ1980ውን ፍርድ ሳነብ እቸገራለሁ። በ1974 በርሚንግሃም ውስጥ መጠጥ ቤቶች ላይ በፈነዳ ቦምብ 21 ሰዎች ሞተው፣ ስድስት አይሪሾች ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸዋል። ሰዎቹ ፖሊስ ደብድቦናል ብለው ካሳ ከሰሱ። ዴኒንግ ክሱን ዘጉት። ከምክንያቶቻቸው አንዱ፣ እነዚህ ሰዎች ቢረቱ ፖሊስ ዋሽቷል፣ ፍርዱም ስህተት ነበር ማለት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለማሰብም ይከብዳል የሚል ነበር። እውነት ሊሆን ይችላልን ብሎ መጠየቅ እዚያ ላይ ቀረ።

በ1982 ስለ ጥቁር የዳኝነት ሸንጎ አባላት በመጽሐፋቸው የጻፉት ቁጣ አስነሣ፤ ይቅርታ ጠይቀው ጡረታ ወጡ። ስድስቱ ሰዎች ከ16 ዓመት እስር በኋላ በ1991 ንጹሕ ተብለው ሲወጡ፣ ዴኒንግ 92 ዓመታቸው ነበር። መቶኛ ልደታቸውን ባከበሩ በስድስተኛው ሳምንት፣ በመጋቢት 1999 አረፉ።