የማሕሙድ ሐርቢ ሕይወትና የመምህሩ ኃላፊነት

ማሕሙድ ሐርቢ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. በአሊ ሳቢህ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ባሕር ኃይል ካገለገሉ በኋላ የሠራተኞች ማኅበር መሪ፣ በ1956 በፓሪስ የሕዝብ እንደራሴ፣ በ1957 የጅቡቲ የመንግሥት ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዳሩ ግን በ1958 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከፈረንሳይ መለየትንና ከሶማሊያ ጋራ መዋሐድን ስለ ደገፉ ተሸነፉ፤ ሐሰን ጉሌድና አብዛኞቹ አፋሮች በተቃራኒው ቆመው ነበርና። በስደት ሳሉ በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በ1977 የጠየቁት ነፃነት ተገኘ፤ የተመኙት ውሕደት ግን ቀረ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ሐሰን ጉሌድ ሆኑ። ስለዚህ በጅቡቲ ከተማ በአንድ ወንበር ከተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች ለአንዱ ሐርቢ አርበኛ፣ ለሌላው አገሩን ለጎረቤት ሊሰጡ የተነሡ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። መምህሩ ሁለቱንም ወገን በሚዛን ሊያስረዳ ይገባዋል።