ጨርጨርን ያስተዳደሩት ሐኪም

በረመዷን ምሽት ከኢፍጣር በኋላ ልጆች ሰብሰብ ሲሉ ስለ ኢብን ሲና መተረክ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን ከሂርናችን ብዙም ሳንርቅ፣ አሰበ ተፈሪ ተቀምጠው ጨርጨርን ስላስተዳደሩት ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እናውጋ። ክርስቲያን ነበሩ፤ ዕውቀት ፍለጋቸው ግን ለልጆቻችንም ይነገራል።

ጎንደር ተወልደው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ሲወድቅ በሕፃንነታቸው ከቤተሰብ ተለዩ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ እሱ ሲሞት ሌላው አስተማራቸው። በ1882 ላሆር ላይ በሕክምና ተመረቁ።

እኛን የሚገርመን ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። ሥራ ይዘው ደመወዝ እያገኙ ሳለ የተማሩት አልበቃ አላቸው። በርታ የሚል አባት አጠገባቸው ሳይኖር፣ ባሕር ተሻግረው ስኮትላንድ ውስጥ እንደገና ተማሪ ሆኑ፤ እዚያም በሐኪምነት ብቁ መሆናቸው ተመሰከረላቸው። የምስክር ወረቀት በእጁ ያለ ሰው ተመልሶ ከተማሪ ወንበር መቀመጡ ቀላል አይደለም።

በ1899 አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛ አያውቁም። ድንኳን ተክለው ሕሙማንን በነፃ ያክሙ ጀመር፤ አያታቸውም መጥተው በገላቸው ጠባሳ ለዩአቸው። ሕመምተኛ የሚያመውን ሲናገር ካልተረዱት ምን ሕክምና አለ? ቋንቋውንም ተማሩ፤ ኋላ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ እስከ መጻፍ ደረሱ።

ከ1930 ጀምሮ ጨርጨርን ገዙ፤ መንገድ አሠሩ። ቀጥሎም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። በዓረብኛ ሐኪም ማለት ጠቢብም ነው። በ1952 እስኪያርፉ ድረስ ሰው የሚጠራቸው በዚሁ ስም ነበር።