ኳስ ይዞ መሮጥን የከለከለው መምህር

የቅርጫት ኳስ ለመማር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሜዳ የሚገባ ወጣት ሁለት ነገር ይመኛል። አንደኛው ኳሱን ይዞ መሮጥ ሲሆን ሁለተኛው ከሩቅ ሆኖ ወደ ቅርጫቱ መወርወር ነው። አሠልጣኙ ግን ሁለቱንም ይከለክለዋል። ከጓደኛው ፊት ለፊት አቁሞ ኳስ ያቀባብለዋል፤ ቀጥሎም በአንድ እግሩ ተተክሎ እንዲዞር፣ ኳሱን በጣቶቹ እያነጠረ በቀስታ እንዲራመድ፣ ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ ከቅርብ እንዲጥል ያዘዋል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ወጣቱ ይሰለቻል፤ ዋናው ጨዋታ መቼ ነው የሚጀመረው እያለ ማጉረምረሙም አይቀርም። የዚህ ማጉረምረም መልስ የጨዋታው መሥራች በሆነው በዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ ሕይወት ውስጥ ይገኛል። የሚያስገርመው ግን እርሱ ራሱ ጨዋታው በአሠልጣኝ ትምህርት የሚገኝ አይደለም የሚል እምነት የነበረው ሰው መሆኑ ነው።

ጄምስ ኔይስሚዝ ኖቬምበር 6 ቀን 1861 በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ግዛት፣ አልሞንት በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቹ ከስኮትላንድ የፈለሱ ሰዎች ነበሩ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው አባትና እናቱ በአንድ ሰሞን በተስቦ በሽታ ሞቱ፤ እርሱም ከእኅቱና ከወንድሙ ጋራ በእናቱ ወገን ዘመዶች እጅ ቀረ። አሳዳጊው አጎቱ ፒተር ያንግ ነበር።

ስለ ልጅነቱ ከሚተረኩት ታሪኮች አንዱ ይህ ነው። ጄምስ በብርድ ወራት ፈረሶች እየነዳ ሲሄድ፣ መንገድ ለማሳጠር ሲል በረዶ በጋገረው ወንዝ ላይ ለመሻገር ቢሞክር፣ በረዶው ተሰበረና ፈረሶቹ ውሃ ውስጥ ገቡ። በብዙ ድካም ጎትቶ ካወጣቸው በኋላ ቀና ቢል አጎቱ ከዛፎች መካከል ቆሞ ዝም ብሎ ይመለከተው ኖሯል። አጎቱ ሊረዳው አልመጣም፤ ልጁ ራሱ ከገባበት ችግር ራሱ መውጣት ነበረበት። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያ አገር ልጆች የሚያዘወትሩት አንድ ጨዋታም ነበር። በትልቅ ቋጥኝ ላይ ትንሽ ድንጋይ ይቀመጣል፤ አንዱ ልጅ ሲጠብቀው ሌሎቹ ከርቀት ድንጋይ እየወረወሩ ሊያወርዱት ይሞክራሉ። የወረወረ ልጅ ጠባቂው ሳይነካው የራሱን ድንጋይ አንሥቶ መመለስ አለበት። በኃይል አቅንቶ የወረወረ ከሳተ ድንጋዩ ርቆ ይሄድበታል። ወደ ላይ አጉኖ በልክ የወረወረ ግን ቢስትም እንኳ ድንጋዩ ከቅርብ ይወድቅለታል። ይህ የልጅነት ትዝታ ከዓመታት በኋላ አንድ ታላቅ ሐሳብ ይወልዳል።

ጄምስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋርጦ ለጥቂት ዓመታት በዱር ውስጥ እንጨት ቆራጭ ሆኖ ሠራ። ከዚያ በኋላ ተጸጽቶ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ፤ ከእርሱ ከሚያንሱ ልጆች ጋራ አብሮ መቀመጥም አላሳፈረውም። በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ዲግሪውን ካገኘ በኋላ ሰባኪ ለመሆን የነገረ መለኮት ትምህርት ቀጠለ። በዚያው ዘመን የታወቀ ስፖርተኛ ነበር። ወዳጆቹ ለአገልግሎት የሚዘጋጅ ሰው በሜዳ ላይ መጋፋቱን አልወደዱለትም። አንድ ቀን ግን በጨዋታ መካከል የቡድኑ ጓደኛ ተናዶ ክፉ ቃል ከአፉ ካወጣ በኋላ፣ ጄምስ አጠገቡ መሆኑን ሲያይ አፍሮ ይቅርታ ጠየቀው። ኔይስሚዝ ከዚህ የተነሣ ሰውን በመልካም ጠባይ ለማነጽ የሚቻለው ከመድረክ ላይ ብቻ ሳይሆን በጨዋታ ሜዳም ጭምር እንደ ሆነ አሰበ።

ስለዚህ በ1890 ወደ አሜሪካን አገር፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ስፕሪንግፊልድ ሄደ። በዚያ በእኛ አገር ወ.ወ.ክ.ማ. በሚል አጠራር የሚታወቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነበር። በ1891 የብርድ ወራት ሲገቡ 18 ተማሪዎች ያሉበት አንድ ክፍል አስቸገረ። ተማሪዎቹ ጎልማሶች ስለ ነበሩ በአዳራሽ ውስጥ የሚሰጠው የሰልፍና የሰውነት ማጎልመሻ እንቅስቃሴ አሰልቺ ሆነባቸው፤ ሁለት መምህራንም ተራ በተራ ሞክረው አልሆነላቸውም። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሉተር ጉሊክ ተማሪዎቹን ለኔይስሚዝ ሰጠውና፣ በ14 ቀን ውስጥ በቤት ውስጥ የሚካሄድ አዲስ ጨዋታ እንዲያዘጋጅ አዘዘው።

ኔይስሚዝ በመጀመሪያ የሜዳ ጨዋታዎችን ወደ አዳራሽ ለማስገባት ሞከረ። የአሜሪካን ፉትቦል አለሳልሶ ቢያቀርበው ተማሪዎቹ አልወደዱትም፤ በእግር ኳስ መስኮት ተሰበረ፤ ላክሮስ የተባለውም የዱላ ጨዋታ ሰው አቆሰለ። የተሰጠው ቀን ሊያልቅ ሲል ተቀምጦ ምክንያቱን መመርመር ጀመረ። ተጫዋች ተጫዋችን የሚጥለው ለምንድን ነው? ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ለማስቆም ነው። እንግዲያውስ ኳስ ይዞ መሮጥ ቢከለከል መጣጣሉ ይቀራል። ግቡ መሬት ላይ ሲሆን ሰው በኃይል ይመታል፤ ስለዚህ ግቡ ከራስ በላይ ከፍ ብሎ አፉን ወደ ላይ ቢከፍት፣ ኳሱ እንደ ልጅነቱ ድንጋይ ወደ ላይ ተጉኖ በልክ መውረድ ይኖርበታል። የቅርጫት ኳስ የተወለደው ከእነዚህ ሁለት ሐሳቦች ነው።

የሕንፃውን ተቆጣጣሪ ሣጥን ቢጠይቀው ሰውየው ሁለት የኮክ ቅርጫቶች አመጣለት። ኔይስሚዝም በአዳራሹ ዙሪያ በነበረው ሰገነት ላይ በምስማር መታቸው። የሰገነቱ ከፍታ እንደ አጋጣሚ 10 ጫማ፣ ማለት 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የዛሬውም ቀለበት ከዚያ አንድ ጣት እንኳ አልተዛነፈም። 13 ደንቦች በጽሕፈት መኪና ተጽፈው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፉ። ዲሴምበር 21 ቀን 1891 ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው በእግር ኳስ ተጫወቱ፤ በዚያም ቀን የገባው አንድ ብቻ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ጨዋታው በኔይስሚዝ ስም እንዲጠራ ቢያሳስብ መምህሩ ስቆ እምቢ አለ። የቅርጫት ኳስ የሚለው ስም የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደንቦቹ በጃንዋሪ 1892 በትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ታተሙ፤ የማኅበሩ ተማሪዎችም ጨዋታውን በየአገሩ ይዘውት ሄዱ።

ዛሬ ለጀማሪ ከሚሰጡት ልምምዶች ዋና የሆነው ኳስ ማንጠር በ13ቱ ደንቦች ውስጥ አልነበረም። በመጀመሪያው ደንብ ኳስ የያዘ ሰው ከያዘበት ቦታ ሆኖ ማቀበል ነበረበት። ጥቂት ቆይቶ በተቃራኒዎች የተከበቡ ተጫዋቾች ኳሱን መሬት ላይ ጥለው መልሰው በመያዝ ማምለጥን ፈለሰፉ። ኔይስሚዝ ይህን በደንቡ ላይ እንደ ተሠራ ተንኰል አልቆጠረውም፤ እንዲያውም ወደደው። ይህ ከጠባዩ ጋራ ይስማማል፤ ደንቡን መምህሩ ያወጣል፣ መንገዱን ግን ተጫዋቹ ያገኛል ብሎ ያምን ነበርና።

ኔይስሚዝ ከስፕሪንግፊልድ በኋላ በዴንቨር ከተማ ሕክምና ተምሮ በ1898 ዶክተር ሆነ። በዚያው ዓመት ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የጸሎት ቤቱ ኃላፊና የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በመሆን ቀረው ዕድሜውን በዚያ አሳለፈ። እስከ 1907 ድረስ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ሲመራ 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸነፈ። ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ካሸነፈው የተሸነፈው መብለጡ ለማመን ያስቸግራል። ነገር ግን ኔይስሚዝ ስለ ድል ብዙ አይጨነቅም ነበር። ፎረስት አለን የተባለው ተማሪው አሠልጣኝ ሊሆን በተነሣ ጊዜም የቅርጫት ኳስ የሚጫወቱት እንጂ የሚያሠለጥኑት ነገር አለመሆኑን ነግሮታል። አለን ግን አልተቀበለውም። በመምህሩ ወንበር ተተክቶ የማቀበልን፣ የማንጠርን፣ የመጣልን ልምምድ በየክፍሉ ለይቶ እያስተማረ፣ በካንሳስ ብቻ ከ500 የሚበልጥ ጨዋታ አሸነፈ።

እንግዲህ ከሁለቱ ማንኛው ትክክል ነው? የአሸናፊነቱ ቁጥር ለአለን ይመሰክራል። ዳሩ ግን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። እስከ 1940ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ድረስ በአሜሪካ ደንብ መሠረት፣ በጨዋታ መካከል ለዕረፍት ሲቆም እንኳ አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን ማነጋገር አይፈቀድለትም ነበር። ተጫዋቹ ሜዳ ከገባ በኋላ በበረዶው ላይ እንደ ነበረው ልጅ ብቻውን ነው፤ አጎቱ ከዛፎቹ መካከል ያየዋል እንጂ አይረዳውም። ልምምድ የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው። መምህሩ በጨዋታው ሰዓት ሊሰጥ የማይችለውን ርዳታ አስቀድሞ በልምምድ ይሰጣል።

ይህን የተረዳ ጀማሪ እያንዳንዱን ልምምድ በሌላ ዓይን ያየዋል። በመጀመሪያ፣ በዝግታ ሮጦ ኳስ ተቀብሎ በሁለት እግሩ መቆምን፣ ከዚያም አንዱን እግር ሳያነሣ በሌላው መዞርን ይማር፤ ይህ የኔይስሚዝ ዋና ደንብ በሰውነት ላይ ሲጻፍ ነው። ሁለተኛ፣ ሦስት ወይም አራት ሜትር ተራርቀው ከደረት ወደ ደረት፣ ቀጥሎም መሬት አስነክተው፣ በመጨረሻ እየተንቀሳቀሱ ይቀባበሉ። ሦስተኛ፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ፣ ዓይንን ከኳሱ ላይ አንሥቶ፣ በመዳፍ ሳይሆን በጣቶች ያንጥር፤ ቀኝ እጁ የቻለውን ግራው እስኪችል ድረስም አይሩጥ። አራተኛ፣ ከቅርጫቱ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ርቆ፣ ኃይሉን ከጉልበቱ አምጥቶ፣ ኳሱን ወደ ላይ አጉኖ ይጣል፤ ከቅርብ ደጋግሞ ሳያስገባ ወደ ኋላ አይራቅ። በጉልበት የተወረወረ ኳስ ቀለበቱን መትቶ ይርቃል። በልክ የተጎነ ግን ቢስትም ከቅርብ ይወድቃል።

ኔይስሚዝ በሸመገለ ጊዜ አንድ ሌላ ተማሪ መጣለት። ጆን ማክሌንደን ጥቁር አሜሪካዊ በመሆኑ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ ገብቶ እንዲጫወት አልተፈቀደለትም። ሽማግሌው መምህር ግን አማካሪው ሆኖ ረዳው፤ ማክሌንደንም በ1936 ተመረቀ። ሜዳው የተዘጋበት ይህ ሰው ኋላ የቴኔሲ ስቴት አሠልጣኝ ሆኖ ከ1957 እስከ 1959 ሦስት ዓመት በተከታታይ የአነስተኛ ኮሌጆችን የአገር ዋንጫ አሸነፈ።

በዚያው በ1936 የቅርጫት ኳስ በበርሊን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ሲገባ ኔይስሚዝ ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ ሄዶ ተመለከተ። ለመጨረሻው ግጥሚያ የደረሱት የትውልድ አገሩ ካናዳና በ1925 ዜግነቷን የተቀበለላት አሜሪካ ነበሩ። ጨዋታው በተካሄደበት ገላጣ ሜዳ ላይ ዝናም ወርዶ መሬቱ ጭቃ ስለ ሆነ ኳስ ማንጠር አልተቻለም፤ አሜሪካ 19 ለ 8 አሸነፈች። ማንጠር በጠፋበት በዚያ ቀን የቀረው የመጀመሪያው ደንብ ነበር፤ መቆምና ማቀበል።

ዶክተር ኔይስሚዝ ከፈጠረው ጨዋታ ሀብት ሳያካብት ኖቬምበር 28 ቀን 1939 በካንሳስ፣ በሎረንስ ከተማ በ78 ዓመቱ ሞተ። በስፕሪንግፊልድ የሚገኘው የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ በስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ የበለጠው መታሰቢያው ከየትምህርት ቤቱ ሜዳ አይጠፋም። አንድ ጀማሪ ኳስ በእጁ ገብቶ ለመሮጥ ሲቸኩል ራሱን ገትቶ ቀና ብሎ ጓደኛውን የፈለገ እንደ ሆነ፣ መምህሩ በ1891 የፈለገው ነገር ተፈጽሟል።